ቡና፣ ኮፊ፣ ለቀምት

ባኮን አልፎ ወደ ነቀምቴ የሚሄድ ሰው አኖን ያውቃታል። አውቶቡሱ ፍጥነቱን ሲቀንስ በመስኮት የምትታይ፣ የጎቡ ሰዮ ወረዳ መቀመጫ የሆነች ትንሽ ከተማ ናት። መንገድ ዳር ጀበና ጥዶ የሚጠብቅ አይጠፋባትም። እዚያ አረፍ ብሎ አንድ ስኒ የሚያዝ መንገደኛ በየትኛው ቋንቋ ልዘዝ ብሎ አይጨነቅም። በኦሮምኛም በአማርኛም ነገሩ ቡና ነው፤ ኦሮምኛው የመጨረሻውን ድምፅ አጠር ያደርገዋል፣ ልዩነታቸው ይኸው ነው። ከእናቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራውን የሚሠራ ልጅ ግን ሌላ ቃል ይጠብቀዋል። ሲ፣ ኦ፣ ሁለት ኤፍ፣ ሁለት ኢ፤ ኮፊ። እናቱ ከምትቀዳው ነገር ስም ጋር አንድም ድምፅ አይጋራም።

ዛፉ የበቀለው እኛ ጋ ሆኖ ዓለም የያዘው ስም ለምን ሌላ ሆነ? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አይደለም፤ ከጫካ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ ዞሮ ዞሮ ወለጋ የሚመለስ ረጅም መንገድ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጫካው ከከፋ ተነሥቶ በኢሉባቦር በኩል እስከ ወለጋው አንፊሎ ይዘልቃል። ሳይንቲስቶች አረቢካ የሚሉት የቡና ዝርያ ማንም ሳይተክለው በዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅለው በዚህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ነው። የአካባቢው ሕዝቦች ለዚህ ተክል ያወጡት ስም እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ከፋዎች ቡኖ ይላሉ፣ ኦሮሞዎች ቡና፣ ትግርኛ ተናጋሪዎች ቡን። ቃሉ ከማን ወደ ማን እንደ ተሻገረ መከራከር ይቻላል። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፤ ከፋዎች ራሳቸው ተክሉን «ከፋ» ብለው አይጠሩትም።

ኦሮሞው ቡናን ከመጠጣቱ በፊት ይበላው ነበር፤ ዛሬም በበዓልና በምርቃት ቀን ይበላዋል። ቡና ቀላ ይባላል። ከነቅርፊቱ የደረቀውን ፍሬ አንድ በአንድ አንሥተው ጫፉን በጥርስ ይነክሱና ቅቤ ውስጥ ይጥሉታል። ቅቤው በተነከሰው በኩል ይገባል፤ ፍሬው እሳት ላይ ሲንጣጣ ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ። «ቀሉ» ማለት ማረድ ነው። ስለዚህ ያ የጥርስ ንክሻ እርድ ነው፣ ቡናውም የታረደ ቡና ነው። ይህን ያህል ክብር የተሰጠው ፍሬ ስሙን በቀላሉ አይለቅም። ለመራቂው ሰላምና ቡና አይነጣጠሉም፤ «ቡናፊ ነጋ ሂን ዸቢና» ይላል፣ ቡናና ሰላም አትጡ ማለቱ ነው።

ከዚህ ጫካ የወጣው ፍሬ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ሲገባ ሁለተኛ ስም ተጨመረለት። አብዱልቃድር አልጀዚሪ የተባለ ጸሐፊ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ ቡና ባዘጋጀው መጽሐፍ እንደ ተረከው፣ አዝ ዘብሓኒ የሚባል የኤደን ሊቅ በአፍሪካ በኩል ባለው ዳርቻ ሰዎች ሲጠቀሙበት አይቶ ልማዱን ወደ አገሩ ወሰደው። ሰውየው የሞተው በ1470 ነው። የየመን ሱፊዎች ሌሊቱን በዚክር ሲያሳልፉ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ይጠጡት ጀመር። ፍሬውን በመጣበት ስም ቡን አሉት፤ ከፍሬው የሚፈላውን መጠጥ ግን ቃህዋ አሉት።

ቃህዋ አዲስ ቃል አልነበረም። የአረብኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች እንደሚሉት ቀድሞ የወይን ጠጅ ስም ነበር፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል ከሚል ሥር የወጣ ነው ብለው ያስረዳሉ። ይህ የተወረሰ ስም ለመጠጡ መዘዝ ሳይሆንበት አልቀረም። በ1511 ኻይር ቤይ የተባለው የመካ ሹም ሊቃውንትን ሰብስቦ ቡና እንዲከለከል አስወስኖ ነበር። ክልከላው ግን አልጸናም። ቡና ካይሮ፣ ደማስቆ፣ ኢስታንቡል ገባ። ቱርኮች ቃህዋን ካህቬ አሉት።

አውሮፓውያን ቡናን በጽሑፍ ያገኙበት ጊዜ ለዚህ ታሪክ ዋናው መታጠፊያ ነው። ሊዮንሃርድ ራውቮልፍ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1573 አሌፖ ላይ ሰዎች በጠዋት አደባባይ ተቀምጠው እንደ ቀለም የጠቆረ ትኩስ ነገር ሲጠጡ አየ። በ1582 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ሁለት ስም መዘገበ፤ መጠጡን ኻውቤ፣ ፍሬውን ቡኑ። ፕሮስፔሮ አልፒኒ የተባለው ጣሊያናዊ የዕፀዋት ሊቅም በ1592 ስለ ግብፅ ተክሎች ሲጽፍ ቦንንና ካዎቫን ለየብቻ አስቀመጠ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በትክክል ሰምተዋል። እኛ የምንለው ቃል በአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ ከኮፊ ጋር እኩል ገብቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን አንደኛው ጠፋ፤ ምክንያቱ ንግድ ይመስለኛል። አውሮፓ ለመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት የምታውቀው ስኒ ውስጥ ያለውን ነው፣ ዛፉን ያየ እምብዛም ነው። ገዢ የሚገዛውን ነገር በሻጩ ስም ይጠራል፤ ሻጩም በሞካና በኢስታንቡል ያለው ነጋዴ ነበር። ቡን የሚለው ስም ከገበሬው ጋር ቀረ።

እንግሊዝኛ ቃሉን ለመጻፍ ግማሽ ምዕተ ዓመት ተቸግሯል። በ1598 ከደች በተተረጎመ የጉዞ መጽሐፍ ላይ ቻኡዋ ተብሎ ታየ። በ1601 ዊልያም ፓሪ ከሰር አንቶኒ ሸርሊ ጋር ስላደረገው የፋርስ ጉዞ ሲጽፍ በአንድ ኢ ብቻ ኮፌ አለው። ጆርጅ ሳንዲስ በ1615 ኮፋ ብሎ ጻፈ። ሌሎችም በየጆሯቸው ጻፉት፤ አንዱ ኮሆ ሲል ሌላው ካህቬን እንዳለ አስቀመጠ። መለያየታቸው አይገርምም። ቱርክኛው ካህቬ ውስጥ ህ እና ቭ ተጣብቀው ይመጣሉ። ለአውሮፓውያን አፍ ይህ ጥምረት አይመችም፤ ሁለቱን ጨፍልቀው ፍ አደረጓቸው። ጣሊያኑ ካፌ አለ፣ ደቹ ኮፊ አለ፤ እንግሊዝኛውም ወደ ደቹ ተጠጋ። መጀመሪያ ላይ ያለው የአረብኛው ቃፍ ደግሞ እነሱ ዘንድ ስለሌለ ክ ሆነ። ይህችን የቃፍን ነገር ያዙልኝ፤ ወለጋ ስንደርስ ትመለሳለች።

አጻጻፉ የረጋው ቡናው ቤት ሲያገኝ ነው። በኦክስፎርድ በ1650 ገደማ፣ በለንደን ደግሞ በ1652 ቡና ቤት ተከፈተ። የለንደኑን የከፈተው ፓስኳ ሮዜ የመጠጡን ጥቅም የሚያስተዋውቅ ወረቀት አሳትሞ በተነ፤ በዚያ ወረቀት ላይ ቃሉ ልክ ዛሬ የአኖው ልጅ በሚጽፈው መልክ፣ በሁለት ኤፍና በሁለት ኢ ታትሟል። ከዚያ ወዲያ ማስታወቂያውና ጋዜጣው ስድስቱን ፊደላት አጸኗቸው።

በ1753 ካርል ሊኔየስ ተክሉን ኮፊያ አረቢካ ብሎ በላቲን ሰየመ። የመጀመሪያው ቃል የመጠጡ ስም ነው፣ ሁለተኛው የሻጩ አገር። የበቀለበት አገር በሁለቱም ውስጥ የለም። እውነቱን ለመናገር ይህን ስም ባየሁ ቁጥር ቅር ይለኛል። ሊኔየስ ግን ሆን ብሎ አልበደለንም፤ በእጁ የነበረው ዕውቀት እስከ የመን ድረስ ብቻ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ ኢትዮጵያን አይቶ ተመለሰና በ1790 መጽሐፉን አሳተመ። ኦሮሞዎች ለዘመቻ ሲወጡ የተቆላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ ድቡልቡል አድርገው በቆዳ ስልቻ ይዘው እንደሚሄዱ፣ አንዷ ድቡልቡል አንድን ሰው ለቀኑ እንደምታበረታው ጻፈ። የቡናው ዛፍም የከፋ ተወላጅ መሆኑን ተናገረ። ከዚህ በኋላ «ኮፊ የሚለው ስም የመጣው ከከፋ ነው» የሚለው አባባል አውሮፓ ውስጥም እኛም ዘንድ ተስፋፋ። ዛሬ በየቱሪስት ወረቀቱ የምናነበው ይህንኑ ነው።

በ1890ዎቹ መጀመሪያ በጄምስ መሪ አዘጋጅነት የሚታተመው ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ኮፊ ላይ ደረሰ። አዘጋጆቹ የከፋውን ሐሳብ አንሥተው ማስረጃ አልተገኘለትም አሉ። ምክንያታቸው ጠንካራ ነው፤ ቃህዋ የመጠጡ እንጂ የተክሉ ወይም የፍሬው ስም ሆኖ አያውቅም፤ ተክሉ በአረብኛ ቡን ነው፣ በሸዋም ስሙ ቡን ነው ብለው ጻፉ። የሸዋ ሰው የሚናገረው ቃል በዓለም ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ለምስክርነት ተጠርቷል። እኔ ከከፋው ተረት ይልቅ ይህ ያኮራኛል። ከፋ የቡና አገር መሆኑን ለማስረዳት የእንግሊዝኛ ቃል አያስፈልገውም፤ ጫካው ራሱ ቆሟል።

እነመሪ ኦክስፎርድ ተቀምጠው ቃላት በሚለቅሙበት በዚያው ሰሞን፣ ከምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባል ቦታ ሌላ የቃላት ሥራ ይሠራ ነበር። ኦኔስሞስ ነሲብ የኢሉባቦር ልጅ ነው፤ በሕፃንነቱ ተሽጦ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። አስቴር ጋኖ ደግሞ ለሽያጭ በባሕር ስትጓዝ በ1886 የጣሊያን መርከበኞች ያስጣሏት ልጅ ናት። ሁለቱ በ1894 የኦሮምኛ ፊደል መማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ቃላቱ በእኛው በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ናቸው። አስቴር ከልጅነቷ የምታስታውሳቸውን ተረቶችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች ለመጽሐፉ አበረከተች። በዚያው ቡድን ድካም መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኦሮምኛ ታተመ። ከአገራቸው በግድ የተወሰዱ ሰዎች የአገራቸውን ቃላት ፊደል በፊደል ሲያሰፍሩ መኖራቸውን ሳስብ ሆዴ ይባባል። በ1904 ኦኔስሞስ ወደ ነቀምቴ ሄደ። የከተማዋ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ ተቀበሉት። ኦኔስሞስ በ1931 እዚያው አረፈ፤ አስቴርም የኖረችውና ያረፈችው ነቀምቴ ነው።

ነቀምቴ በዚያን ጊዜ ገናና ገበያ ነበረች። የኩምሳ አያት በከሬ ጎዳና ያቋቋሙት የሌቃ ነቀምቴ መንግሥት በአባታቸው በሞረዳ ዘመን ከምኒልክ ጋር የገባው በራስ ጎበና አማካይነት፣ ያለ ትልቅ ጦርነት ነው። ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱና ቡናው በአጋሰስ ወደ ሸዋ ይጫን ነበር። ሰሜን ሸዋም ሆነ ጎጃም ክርስቲያኑ ቡናን እንደ እስላም መጠጥ ቆጥሮ ሲሸሸው ኖሮ፣ በምኒልክ ዘመን ነበር እየተላመደ የመጣው። ስኒውን ሲለምድ የአረብኛ ቅሪትም አብሮ ገባ። አቦል የአረብኛው አወል ነው፣ አንደኛ ማለት፤ ቶና ከሁለተኛው ቁጥር፣ በረካም ከበረከት ቃል የመጡ ናቸው። አረቦች ቡን የሚለውን ከእኛ ወስደው ለስኒዎቹ ስም ሰጡን።

ነጋድራሶቹና ጸሐፊዎቹ ከተማዋን በአማርኛ ሲጽፉ ለቀምት ይሏት ነበር። ነ እና ለ ምላስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍባቸው ድምፆች ናቸው፤ መለዋወጣቸው አይደንቅም። ቡናውም በዚህ ስም «የለቀምት ቡና» ሆኖ ወጣ። የወለጋና የኢሉባቦር ቡና ሌላም በር ነበረው። በ1902 በምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል ባሮ ወንዝ ላይ ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀደ። ከሳዮ፣ ማለትም ከደምቢ ዶሎ፣ እና ከጎሬ በበቅሎ የወረደውን ቡና በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ጭኖ ካርቱም ያደርሰው ነበር። ግሪኮችና ሶርያውያን ነጋዴዎች በየከተማው መጋዘን ከፈቱ። አማርኛም ኦሮምኛም የማያነብ ገዢ ከዚህ ንግድ ጋር መጣ፤ በከረጢቱ ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ስም የሚወስነውም እሱ ሆነ።

ጣሊያኖች በበኩላቸው በራሳቸው ስፔሊንግ ጻፉ። ሰኔ 1928 ዓ.ም. (በ1936) የጣሊያን አየር ኃይል ጄኔራል ማሊዮኮና ጓዶቹ ነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ ሜዳ ላይ በአውሮፕላን አርፈው አካባቢውን በስምምነት ለመያዝ ሞከሩ። የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ያሉበት፣ በሌሊት ከበው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ከጥቂት ሰው በቀር የዳነ የለም። የጣሊያን ጽሑፎች ይህን የሚያስታውሱት «ለከምቲ» በሚል ስም ነው፣ ክ ድምፅን በሲና በኤች አጣምረው ጽፈው። በእነሱ ሥርዓት ሲ ከኢ ወይም ከአይ በፊት ቸ ስለሚሆን፣ ክ ለማድረግ ኤች ይጨምሩበታል። ለጂም እንዲሁ ያደርጋሉ። የጊምቢ ቡና ከረጢት ላይ አንዳንዴ ከጂ ቀጥሎ የማይነበብ ኤች የምናየው ለዚህ ነው። ጅማም በተራዋ በዲ ጀምራ ጄ ታስከትላለች፤ ያ ደግሞ የፈረንሳዮች ልማድ ነው። ከረጢት የማንበብ ልማድ ያለው ሰው ማን መቼ እንደ ገዛን ከፊደሉ ያውቃል።

የለቀምት ስም ግን ከሁሉም የተለየ ነገር ገጠመው። በዓለም የቡና ገበያ ዛሬም ከሐረር፣ ከሲዳሞ፣ ከይርጋጨፌ፣ ከሊሙና ከጅማ ጎን የሚጠራው ስም «ለከምፕቲ» ነው፣ ማንም ወለጋ ውስጥ የማያወጣው ፒ መካከሉ ገብቶበት። ቀስ ብለው «ለቀምት» ይበሉ። ም ላይ ከንፈር ይገጥማል፤ ት ለማለት ምላስ ወደ ጥርስ ሲሄድ ከንፈር ዘግይቶ ቢላቀቅ በመሐል ትንሽ ፕ ትሰማለች። እንግሊዞች ቶምሰንን ሲጽፉ ያለ ነገር ፒ የሚጨምሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጆሯቸው ለዚህች ድምፅ የሠለጠነ ነው። ቀ ደግሞ ክ ሆነ። ያዙልኝ ያልኩት ይህንን ነው። አረብኛው ቃህዋ ኮፊ ሲሆን ያጣውን ድምፅ፣ ለቀምት ለከምፕቲ ስትሆን የእሱን ወንድም አጣች። መጠጡና ከተማዋ አውሮፓ ሲገቡ አንድ በር ላይ አንድ ዓይነት ቀረጥ ከፈሉ።

በ1957 ብሔራዊ የቡና ቦርድ ተቋቁሞ ጥራትና ደረጃ በመንግሥት መታየት ሲጀምር የንግዱ ስሞች ቀድሞ ሥር ሰደው ነበር። የወለጋ ቡና አብዛኛው ሳይታጠብ በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ ፍሬው ተለቅ ያለ፣ ሲጠጣ የፍራፍሬ ቃና የሚሰጥ። ቀማሾች ለይተው የሚያውቁት በዚህ ነው፤ ማዘዣቸው ላይ የሚጽፉትም ለከምፕቲ ብለው ነው።

በ1991 ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ። ነቀምቴ ነ ድምፅዋን በኤን፣ ቀዋን በኪው አስመለሰች፤ ቁቤ ኪውን የሚጠቀመው ለቀ ነውና። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ውስጥ ያለው ሰሌዳ አንድ ነገር ይላል፣ ከዚያችው ከተማ የሚወጣው ቡና ከረጢት ሌላ።

የስም ጉዳይ ተራ አለመሆኑ በ2005 ታየ። የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች የንግድ ምልክት አድርጎ እንዲመዘግብለት ለአሜሪካ አመለከተ። ስታርባክስ ሲዳሞ የሚለው ስም ያለበትን የራሱን ምልክት ለማስመዝገብ ቀድሞ አመልክቶ ነበርና ጉዳዩ የዓለም ወሬ ሆነ፤ በ2007 ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። ይርጋጨፌ ቀድሞ ተመዘገበ፣ ሲዳሞና ሐረር በ2008 ተከተሉ። ሐረርን ለማስመዝገብ በአንድ አርም በሁለት አርም የሚጻፈውን መያዝ አስፈልጎ ነበር፤ አንዲት ፊደል የገበሬ ገንዘብ የምትወስንበት ጊዜ አለ።

ለቀምት ከሦስቱ ውስጥ አልነበረችም። አንድ ቀን ተራዋ ሲደርስ ማመልከቻውን የሚሞላው ሰው ከፊቱ የሚጠብቀው ምርጫ ከባድ ነው። ገዢው የሚያውቀውን ፒ ያለበትን ስም ቢጽፍ የከተማዋ ሕዝብ አይለየውም፤ የከተማዋን ቢጽፍ ገዢው አያገኘውም። እኔ ብጠየቅ ሁለቱንም አስመዝግቡ እላለሁ። የነቀምቴው ሰው ስሙ በራሱ ፊደል ይሁንለት፤ ያቺ ፒም ጠላት አይደለችም፣ የመቶ ዓመት ንግድ ያረፈባት ናት።

እስከዚያው የወለጋ ቡና በነቀምቴ በኩል ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። መኪናው ሲሬን፣ ከዚያም አኖን ያልፋል፤ ሾፌሩም ረዳቱም ወርደው «ቡና» ብለው ያዝዛሉ። ከረጢቱ ገና አልተጻፈበትም። ለከምፕቲ የሚለው ማኅተም የሚያርፍበት አዲስ አበባ ገብቶ፣ ተበጥሮና ተለቅሞ ለመርከብ ሲዘጋጅ ነው።